አያቱ ሳያውቁ በጭነት መኪና የሄደው ተማሪ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል፥ በወላጆች ቀን፥ የቴአትርና የሙዚቃ ክበብ ኃላፊ የሆኑት መምህር በቡሬ ያደረጉት ንግግር)



የተሰጠኝ ርእስ በልጅነታቸው መድረክ ላይ የወጡ ሰዎች ኋላ ምን እንደ ሆኑ የሚመለከት ነው። ርእሱ ሰፊ ስለ ሆነ ሁሉን ልዳስስ ብል ጊዜም አይበቃኝም፥ እናንተም ትሰለቻላችሁ። ስለዚህ ከብዙዎቹ አንዱን መርጬ ስለ እሱ በሰፊው ልናገር አስቤአለሁ። ይህንም የማደርግበት ምክንያት አለኝ። ልጆቻችሁ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በክበባችን ውስጥ ግጥም፥ ዜማና ጨዋታ ሲያጠኑ የምታዩ ወላጆች፥ «እኛ ልጃችንን የላክነው ተምሮ ሰው እንዲሆን ነው፤ እናንተ አዝማሪ ልታደርጉት ነውን?» እያላችሁ ብዙ ጊዜ ትጠይቁናላችሁ። ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ በሁለት ቃል ተመልሶ የሚታለፍ አይደለም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውስ። በአገራችን ዘመናዊው ቴአትር እግር የተከለው ደመወዝ በሚከፈላቸው ተዋንያን ብቻ አይመስላችሁ፤ የትምህርት ቤት ልጆች ብዙውን ሸክም ተሸክመዋል። ከዚሁ ከጎጃም፥ ከደብረ ኤልያስ የተነሡት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ፥ ቅኔ ተምረው አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ፥ የደረሷቸውን ጨዋታዎች ለሕዝብ ያሳዩ የነበረው ተማሪዎቻቸውን እያሰለፉ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሲዘመር የኖረውን ብሔራዊ መዝሙር ቃሉን የደረሱትም እርሳቸው ናቸው፤ ዜማውን ያወጣው አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። ይህም ሰው በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸውን፥ «አርባ ልጆች» እየተባሉ የሚጠሩትን ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች የሙዚቃ ጓድ የመራው ነው። በቅኔ ቤት ያደጉት ዮፍታሔ ልጆችን በሕዝብ ፊት ማቆም እንዳላሳፈራቸው ልብ በሉ። ለነገሩ የቅኔ ቤት ተማሪስ ያሰናዳውን ቅኔ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ቆሞ፥ ድምፁን አሰምቶ፥ ስሕተቱም በሰው መካከል እየታረመለት አይደለምን የሚያድገው? ይህን ለጎጃም ሰው ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ደግሞም በዚያን ጊዜ ሴቶች መድረክ ላይ መውጣታቸው እንደ ነውር ይቆጠር ስለ ነበረ፥ የሴቶቹን ክፍል የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። በ1915 ዓ.ም. በባሌ የተወለዱት ተስፋዬ ሣህሉ በወጣትነታቸው የሴት ልብስ ለብሰው ተጫውተዋል። ኋላም ከቃኘው ጦር ጋር ወደ ኮሪያ ሄደው ወታደሮቻችንን አጫወቱ፤ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በአገራችን ሲጀመርም ተረት እየነገሩ «አባባ ተስፋዬ» ተባሉና አርባ ዓመት ለሚያልፍ ጊዜ የኢትዮጵያን ልጆች አስተማሩ። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ፥ የልጅ ልጅ ያየ ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ሆኖ አልቅሶላቸዋል። ስለ እርሳቸው ብቻ ሌላ ቀን ብንነጋገር ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ መረጥሁት ልጅ ልምጣ።

ጥላሁን ገሠሠ መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም.፥ በመስቀል ዕለት፥ አዲስ አበባ ላይ ከአባቱ ከአቶ ገሠሠ ንጉሤና ከእናቱ ከወይዘሮ ጌጤ ጉርሙ ተወለደ። ሁላችሁም የምታውቁት በዘፋኝነቱ ስለ ሆነ፥ «እርሱ ተዋናይ ነበረን?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በልጅነቱ የገባበት የሀገር ፍቅር ቤት ዘፈኑንም፥ ጭፈራውንም፥ ጨዋታውንም በአንድ ምሽት በአንድ መድረክ የሚያሳይ ቤት ነበረ። ከዚህም በላይ እኔ የምፈልገው ልጅ ሆኖ ወደ መድረክ የገባበትን መንገድ ነውና፥ ለዚህ ከእርሱ የሚሻል ምሳሌ አላገኘሁም።

ጥላሁንን አያቱ ወደ ወሊሶ ወስደው አስቀመጡት፤ በራስ ጎበና ትምህርት ቤትም ገብቶ መማር ጀመረ። ልጁ ግን ከደብተሩ ይልቅ ዜማ ይስበው ነበር። አያቱ ይህን አይተው፥ ዘፈኑን ተውና ትምህርትህን ያዝ እያሉ መከሩት። በአያቱ መፍረድ አይገባም። በዚያ ዘመን ልጅን ትምህርት ቤት ማስገባት ማለት ጸሐፊ፥ አስተማሪ፥ ሹም ይሆናል ብሎ ተስፋ ማድረግ ነበር። ዘፋኝ ግን በሠርግ ይጠራል፥ ጠላና ጠጅ ይቀዳለታል፥ ብርም በግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል፤ ይሁን እንጂ ያው ብሩን የለጠፈለት ሰው ልጁን ዳርልኝ ቢባል ፊቱን ያዞራል። አያትየው ይህን የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ የፈሩትም ድህነትን ብቻ አይመስለኝም።

የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ደግሞ ሚስተር ሸዳድ የሚባሉ ሱዳናዊ ነበሩ። እርሳቸው የልጁን ድምፅ ሰምተው ወደዱት፤ አበረታቱትም፤ በሙዚቃ መኖር ከፈለግህ አዲስ አበባ ሂድ ብለው መከሩት። እንግዲህ ለአንድ ልጅ ሁለት ታላላቅ ሰዎች ሁለት ምክር ሰጡት። አንደኛው ከቤት፥ ሁለተኛው ከትምህርት ቤት ነው።

በዚህ መካከል የሀገር ፍቅር ቤት ሰዎች ወደ ወሊሶ መጥተው በዚያው ትምህርት ቤት ጨዋታ አሳዩ። ይህ ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ጣልያን ሊወረን ሲዘጋጅ፥ የሕዝቡን ልብ ለማነሣሣት በመኰንን ሀብተ ወልድ የተቋቋመ ነው፤ ከነፃነት በኋላም ወደ ክፍለ ሀገር እየወጣ ያሳይ ነበር። ከመጡት መካከል ወይዘሮ ንጋቷ ከልካይና አቶ ኢዮኤል ዮሐንስ ነበሩበት። አስቡት፤ ሬዲዮ በየቤቱ በሌለበት ዘመን፥ በስም ብቻ የሚሰሙ ሰዎች የገዛ ትምህርት ቤትህ ግቢ ውስጥ ቆመው ሲዘፍኑ ማየት! ጥላሁን ወደ አቶ ኢዮኤል ቀርቦ ምኞቱን ገለጠላቸው። እርሳቸውም ይህን ሥራ ከፈለግህ አዲስ አበባ መምጣት አለብህ አሉት።

ልጁም ተነሣና በእግሩ መንገድ ጀመረ። ወሊሶ ከአዲስ አበባ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ትልቅ ሰውም አብሮት አልነበረም። አያቱ መጥፋቱን ሲሰሙ ተከትለው በመሄድ በመንገድ ላይ ባለችው በቱሉ ቦሎ ከተማ ያዙት። ሌሊቱን ዘመድ ቤት አደሩና ወደ ወሊሶ መለሱት። ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ ይመስል ነበር። ጥላሁን ግን በአያቱ ቤት አንዲት ሌሊት ብቻ አድሮ፥ ዕቃ በተጫነ መኪና ውስጥ ተደብቆ እንደገና ሄደ። በዚህ ጊዜ የደረሰበት የለም።

ቡሬ የመንገድ መገናኛ ስለ ሆነች፥ ይህን ታሪክ እዚህ መናገር ከሌላ ቦታ ይልቅ ያሳስበኛል። በቆሎና በርበሬ የጫነ መኪና አንዱ ወደ ነቀምት፥ አንዱ ወደ ደብረ ማርቆስና አዲስ አበባ፥ አንዱም ወደ ባሕር ዳር ከዚህ ይነሣል። በጆንያ መካከል አንድ ልጅ ቢቀመጥ ማን ያየዋል?

ጥላሁን አዲስ አበባ ደርሶ በሀገር ፍቅር ተቀጠረ። ጥቂት ዓመታት ከሠራ በኋላም ወደ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተዛወረ። በዚያን ጊዜ የተሟላ የሙዚቃ መሣሪያና ኖታ የሚያነብ ጓድ የነበረው ከጦሩ ክፍሎች፥ ከፖሊስና ከመንግሥት ቴአትር ቤቶች በቀር እምብዛም ስላልነበረ፥ ዘፋኝ መሆን የፈለገ ወጣት በአንድ በኩል ወታደር መሆን ነበረበት ማለት ይቻላል። የመጣውም መዘዝ ከዚሁ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መሪዎች መንግሥት ለመገልበጥ ሞክረው ሳይሳካላቸው በቀረ ጊዜ፥ ጥላሁንም ተይዞ ታሰረ። የ20 ዓመት ልጅ ነበረ! ለመዝፈን ብሎ ከአያቱ ቤት የጠፋ ልጅ፥ በመንግሥት ግልበጣ ነገር ይጠየቃል ብሎ ማን አስቦ ያውቃል? የሆነ ሆኖ ተፈታ፤ ወደ ዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም ገባ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እናንተው ታውቁታላችሁ። በአማርኛም በኦሮምኛም ዘፈነ። ድምፁ ባልደረሰበት ቀበሌ ባትሪ ድንጋይ ያለው ሬዲዮ አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በአገራችን ረሃብ በገባ ጊዜ ለተጎዱት ወገኖች ገንዘብ እንዲሰበሰብ ዘፈነ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የክብር ዶክተርነት ሰጠው፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን ጥሎ የጠፋውን ልጅ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር አለው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት በስኳር በሽታ ብዙ ተሠቃየ፥ አንድ እግሩንም አጣ። ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት በ68 ዓመቱ ነው። እጅግ ብዙ ሕዝብ አጅቦት በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

ይህን ስናገር ከፊታችሁ የማነበው ነገር አለ። ተማሪዎች፥ «እንግዲያው መጥፋት ነው የሚበጀው» የምትሉ ትመስላላችሁ። ወላጆች ደግሞ፥ «ይህ መምህር ልጆቻችንን የመኪና መንገድ ሊያሳያቸው ነው» ብላችሁ ተቆጥታችኋል። ሁለታችሁም ጥቂት ታገሡኝ።

ለተማሪዎች የምለው ይህን ነው። በጭነት መኪና ተደብቆ አዲስ አበባ የገባው ልጅ ጥላሁን ብቻ አልነበረም። ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ ብዙ ሰው ገብቷል፤ መርካቶ ሲሸከም የኖረ፥ በየመጠጥ ቤቱ በር ያደረ፥ ታሞ የሚያስታምመው ያጣ ልጅ ስሙን የሚጽፍለት ስለሌለ ታሪኩ አልደረሰንም። የደረሰን የአንዱ ነው። በአንዱ ስም ተነሥታችሁ የሌሎቹን ዕጣ አትርሱ። ወሊሶ እንኳ የአንድ ቀን የመኪና መንገድ ናት፤ ከቡሬ ግን አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፥ ዓባይንም መሻገር አለ።

ለወላጆች ደግሞ፥ ልጁ የጠፋው ስለ ተበረታታ ብቻ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። እኔ አስተማሪ ስለ ሆንሁ ስለ ሚስተር ሸዳድ ብዙ አስቤአለሁ። ጆሮአቸውን አደንቃለሁ። በአንድ ትንሽ ከተማ፥ በሰው አገር፥ ከብዙ ልጆች መካከል የአንዱን ድምፅ ለይቶ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ምክራቸውን ግን ዛሬ ለአንድ ተማሪዬ አልሰጠውም። ይህን ታሪክ ሲነገር ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ የሚጎድልብኝ አንድ ትርኢት ነው፤ ይኸውም ዲሬክተሩና አያትየው ቁጭ ብለው ስለ ልጁ ሲነጋገሩ። ዲሬክተሩ ለልጁ ይናገራሉ፥ አያቱም ለልጁ ይናገራሉ፤ ልጁም ሁለቱን ምክር ብቻውን ተሸክሞ ይሄዳል። ሁለቱም ይወዱት ነበር። በአንድ ማዕድ ቢቀመጡ ኖሮ፥ ትምህርቱን እየተማረ በዕረፍት ወራት በሀገር ፍቅር እንዲለማመድ፥ አዲስ አበባም ዘመድ ቤት እንዲያርፍ ሊስማሙ ይችሉ ነበር ብዬ አስባለሁ። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ አያትየው እምቢ ይሉ ይሆናል። ቢሆንም እምቢታው በግልጥ ይሰማ ነበር።

ከመድረክ ሰዎች ቤት የተወለደ ልጅስ እንዴት ይሆናል? ለዚህ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ልስጥ። አባቶቻችሁ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሒሳብና ሳይንስ ያስተምሯቸው የነበሩ ህንዳውያን መምህራንን ያስታውሳሉ። በዚያች አገር በደቡብ በኩል ካርናታካ የሚባል ክፍል አለ፤ ሕዝቡ የሚናገረው ቋንቋ ካነዳ ይባላል። (በአሜሪካ አጠገብ ካለችው ከካናዳ ጋር እንዳታምታቱት።) በዚህ ቋንቋ በሚሠራው ሲኒማ እጅግ የተወደደው ተዋናይ ራጅኩማር ይባል ነበር። ልጁ ፑኒት በ1967 ዓ.ም. ተወለደ፥ ገና ሕፃን ሳለም በፊልም ታየ። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው «የተራራ አበባ» የሚል ትርጉም ባለው ፊልም ተጫውቶ የህንድን መንግሥት የልጅ ተዋናይ ሽልማት አገኘ። የፊልሙ ታሪክ ለእናንተ ለተማሪዎች የተጻፈ ይመስላል፤ አንድ የድኃ ልጅ መጽሐፍ መግዛት ይመኛል፥ ከተራራ ላይ አበባ እየለቀመ በመሸጥ ገንዘብ ያጠራቅማል፤ በመጨረሻ ግን ቤተ ሰዎቹ በብርድ ሲሠቃዩ አይቶ በገንዘቡ ብርድ ልብስ ይገዛል።

ፑኒት የሚጠፋበት ምክንያት አልነበረውም፤ ቤቱ ራሱ የመድረክ ቤት ነበረ። ነገር ግን የዚህም ዋጋ አለው። እንደ ሌሎች ልጆች በየቀኑ ትምህርት ቤት አልዋለም፤ ይማር የነበረው በአብዛኛው በቤት ውስጥ ነበር። ከልጅነቱ ሥራ በኋላም ረዘም ላለ ጊዜ ከፊልም ርቆ ቆየ፤ ጎልማሳ ሆኖ ዋናውን ክፍል ይዞ የተመለሰው በ1994 ዓ.ም. ነው። ይህን ዕረፍት እኔ እንደ መልካም ነገር እቈጥረዋለሁ፤ ልጅ ሆኖ የተጨበጨበለት ሰው ጎልማሳ ሆኖ እንደገና ለመጀመር ጊዜ ያሻዋል። ጥቅምት 19 ቀን 2014 ዓ.ም. በ46 ዓመቱ በድንገት ሲሞት ዓይኖቹ ለሌሎች ተሰጡ፤ አባቱም ሲሞቱ ዓይናቸው እንደዚሁ ተሰጥቶ ነበር። በልጁ ዓይኖች አራት ሰዎች ማየት ቻሉ።

እንግዲህ አንዱ ከቤቱ ተደብቆ ወጣ፥ ሌላው በቤቱ ውስጥ ሆኖ ተጫወተ። የቡሬና የአካባቢዋ ልጅ ግን በአብዛኛው የሁለቱም ዓይነት አይደለም። አባቱ ገበሬ ወይም ነጋዴ ነው፤ በቤቱ የፊልም ሥራ የሚያውቅ የለም። ከዚህም በላይ ዛሬ ለመጥፋት መኪና አያስፈልግም። በስልክ ፊት ቆሞ ይዘፍናል፥ ይቀልዳል፤ እናንተ በጓዳ ሳላችሁ አገር ያየዋል፥ የማያውቀው ሰውም ይጠራዋል። የጥላሁን አያት ቱሉ ቦሎ ላይ ሊደርሱበት ችለው ነበር፤ በስልክ የሄደን ልጅ በየትኛው ከተማ ደርሰን እንይዘዋለን? ይህንም የምለው በየሳምንቱ ስለማየው ነው። በክበባችን መዝገብ ስሙ የሌለ ልጅ በስልክ ላይ ከማንም በላይ ሲጫወት አገኘዋለሁ፤ ቤተ ሰዎቹን ብጠይቅ አንዳቸውም አያውቁም። ቢያውቁ ይቆጡኛል ብሎ ይደብቃቸዋል።

ስለዚህ ክበባችን ከዚህ ዓመት ጀምሮ የሚሠራው እንዲህ ነው። ልምምድ በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት በኋላ ይሆናል፥ ፀሐይ ሳትጠልቅም ልጆቹ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። በትምህርቱ ወደ ኋላ የቀረ ተማሪ ከክበቡ አይባረርም፤ ልምምዱ ግን ወደ አንድ ቀን ይቀነስለታል፥ በሁለተኛው ቀን የክፍል ጓደኞቹ ያስጠኑታል። ማባረሩን ያልፈቀድነው፥ የተባረረ ልጅ ዘፈኑን እንደማይተው፥ የሚተወው ትምህርት ቤቱን መሆኑን ስለምናውቅ ነው። አንድ ልጅ ልዩ ስጦታ እንዳለው ያየን እንደ ሆነም ለልጁ ከመንገራችን በፊት ወላጆቹን እንጠራለን። ስትጠሩ ልጃችን አጠፋ ብላችሁ ደንግጣችሁ አትምጡ። ከዚህ ወጥቶ ወደ ሙዚቃ ወይም ወደ ቴአትር ትምህርት መግባት የሚፈልግ ቢኖር፥ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም የቴአትር ጥበባት ክፍልም አሉት፤ ጥላሁን በጠፋበት ዘመን ከሁለቱ አንዱም አልነበረም። ወደዚያ ለመግባት ግን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን መጨረስ እንደሚጠቅም ሳልነግራችሁ አልቀርም።

ልጆቹ ያዘጋጁት ጨዋታ ከዚህ ንግግር በኋላ ከቀኑ በስምንት ሰዓት በዚሁ አዳራሽ ይታያል። የሴቶቹን ክፍል የሚጫወቱት ሴቶች ተማሪዎች ናቸው፤ አባባ ተስፋዬ ቢያዩ ደስ ባላቸው ነበር። መግቢያው ያለ ክፍያ ነው። ከፊት ያሉትን ሁለት ረድፍ ወንበሮች ለአያቶች አስቀርተናቸዋልና፥ ወጣቶች ከኋላ እንድትቀመጡ፥ በውጭ ጥላ ሥር ያሉትንም ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እጃቸውን ይዛችሁ እንድታስገቡልን እለምናለሁ።